ስሙ ያው፣ ኮዱ ሌላ

አንድ ማታ የአንዲት ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) አዲስ ቨርዥን አወጣሁ። ቪ1.4.2 የሚል ታግ፣ ማለትም የቨርዥኑን ኮድ የሚያመለክት ስም፣ ለጠፍኩ፣ ፑሽ አደረግኩ (ወደ ሰርቨር ላክሁ)፣ ኮምፒውተሩን ልዘጋ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የቨርዥን ቁጥሩ የተጻፈባት ፋይል አሁንም የምትለው 1.4.1 ነው። አንዲት መስመር ናት። በዚህ ሰዓት ማን ያያል ብዬ ታጉን አጠፋሁት፣ መስመሯን አስተካከልኩ፣ ያንኑ ስም አዲሱ ኮሚት (የተመዘገበው የኮድ ሁኔታ) ላይ ለጠፍኩና በግድ ፑሽ አደረግኩ። ሁሉም ነገር ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ጠዋት ኢሜይል ስከፍት አንድ የማላውቀው ሰው ጽፎልኛል። ላይብረሪዋን ለአንድ የሊኑክስ ዲስትሮ (ተዘጋጅቶ ለሚታደል የሊኑክስ ዓይነት) የሚያሽግ ሰው ነው። «ማታ ያወረድኩት 1.4.2 እና አሁን ያወረድኩት 1.4.2 ሃሻቸው አይገጥምም። አንተ ነህ የቀየርከው ወይስ አካውንትህ ተጠልፏል?» ይላል። ሃሽ ከፋይል ይዘት የሚሰላ መለያ ነው። እኔው ነኝ ብዬ መለስኩ። ትንሽ ተናድጄም ነበር፤ ለአንዲት መስመር ይሄ ሁሉ? ቆይቶ ነው የገባኝ። እሱ ካለበት ሆኖ ለሚያይ የእኔ ቸልተኝነትና የሌባ ሥራ መልካቸው አንድ ነው።

የሪሊዝ፣ ማለትም ለሰው የሚወጣ ቨርዥን፣ ታግ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ከቤት ውስጥ ሥርዓትነት አልፎ የደህንነት ጉዳይ የሆነው በዚሁ መመሳሰል የተነሳ ነው።

ከመሠረቱ እንነሳ። የኮድ ለውጥ ታሪክ በሚይዘው ጊት በተባለ ፕሮግራም ውስጥ እያንዳንዱ ኮሚት ከይዘቱና ከታሪኩ የተሰላ መለያ አለው፤ 40 ቁምፊ የሚረዝም ሃሽ። ኮዱ ውስጥ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትቀየር ሃሹ ሌላ ይሆናል። ሃሹን የያዘ ሰው ኮዱን ራሱን እንደያዘ ይቆጠራል ማለት ነው። ግን ማን 40 ቁምፊ በቃሉ ይይዛል? ስለዚህ ለኮሚቱ ስም እንሰጠዋለን። ያ ስም ታግ ነው።

ቀላሉ የታግ ዓይነት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ፣ አሁን ታግ አድርጎ ሪፖው (የፕሮጀክቱ ማከማቻ) ውስጥ ያለውን የጊት ስውር ፎልደር ይክፈት። ቪ1.4.2 የሚባል ፋይል ያገኛል። በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፈታል። ውስጡ አንድ መስመር ነው፤ የአንድ ኮሚት ሃሽ። አለቀ። ያንን መስመር በሌላ ሃሽ የተካ ሰው ታጉን አዛወረው ማለት ነው። የብራንችም (እየሄደ የሚያድግ የኮሚቶች መስመር) አሠራር ይኸው ነው። ልዩነቱ ብራንች አዲስ ኮሚት በገባ ቁጥር አብሮ ወደፊት ይሄዳል፣ ታግ ባለበት ይቀመጣል። የሚቀመጠው ግን የተቸነከረ ስለሆነ አይደለም። ማንም ስላልነካው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት አኖቴትድ ታግ ይባላል። ይሄኛው ጊት ውስጥ ራሱን ችሎ ይቀመጣል፤ ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንዳወጣው፣ ምን መልእክት እንደተጻፈበት ይይዛል፣ ከተፈለገም ፊርማ ይገባበታል። የጊት መመሪያ ራሱ ለሪሊዝ ይሄኛውን ተጠቀሙ፣ ቀላሉን ለግል ማስታወሻ ተዉት ይላል። ብዙ ሰው ልዩነቱን የሚያውቀው ግን «ጊት ዲስክራይብ» ሲያስቸግረው ነው። ይህ ትእዛዝ አሁን ያለንበት ኮሚት ከመጨረሻው ሪሊዝ ስንት ኮሚት እንደራቀ ይናገራል፤ ካልታዘዘ በቀር ግን ቀላል ታጎችን አይቆጥርም። ትናንት ቪ2.0 ያወጣ ሰው «ከቪ1.9 በኋላ 214 ኮሚት» የሚል መልስ ሲያይ ግራ ይገባዋል። ታጉማ አለ። ቀላል ሆኖበት ነው እንጂ።

ከጊት ሌላ ያሉት ተመሳሳይ ፕሮግራሞችም ነገሩን በየራሳቸው መንገድ ነው የያዙት። ሲቪኤስ ላይ ታግ የሚለጠፈው በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ለየብቻ ነበር። ሰብቨርዥን ላይ ታግ ማለት ኮፒ የተደረገ ፎልደር ነው፤ «ታግስ» የሚባል ቦታ ስለተቀመጠ ታግ እንለዋለን እንጂ ገብቶ ኮሚት ማድረግ ይቻላል። ሆኖም የነካው ሰው አሻራው ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። መርኩሪያል ደግሞ ታጎቹን አንድ ተራ ፋይል ውስጥ ይጽፋቸውና ፋይሉን ራሱን ኮሚት ያደርገዋል፤ ታግ ከተዛወረ መዛወሩም ታሪክ ነው። ጊት ይህን ትቶታል። ታግ ሲዛወር ሌላው ሰው ከፍቶ የሚያነበው መዝገብ ጊት ውስጥ የለም። በእኔ እይታ የጊት ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው። ቤቱ በሙሉ በሃሽ ተቆልፎ፣ በሩ ላይ ያለው ስም በእርሳስ ተጽፏል።

(በነገራችን ላይ፣ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሪፖ ውስጥ ቪ2.6.11 የሚል ታግ አለ። የሚያመለክተው ኮሚት አይደለም፤ እንዲሁ የፋይሎች ስብስብ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ጊትን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2005 ሲጀምር የሪፖው ታሪክ የሚነሳው ከ2.6.12 ሁለተኛ የሙከራ እትም ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለነበረው የሚለጠፍበት ኮሚት አልነበረም። ጊት ታግ ምን ላይ እንደሚለጠፍ ብዙም አይጨንቀውም።)

የጊት መመሪያ ታግ ተሳስቶ ፑሽ ላደረገ ሰው ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ምክሩ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ገና ፑሽ ካላደረጋችሁ እንደ ፈለጋችሁ ቀይሩት፤ ካደረጋችሁ ስህተታችሁን አምናችሁ ሌላ ስም ስጡ። ነገሩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 2.20 ወዲህ ጊት አንዴ ያወረደውን ታግ ካላስገደዱት በቀር በሌላ አይተካም። ስለዚህ ትናንት ያወረደ ሰው ትናንት ያየውን ይዞ ይቀራል፣ ዛሬ ያወረደ ዛሬ ያለውን። ሁለቱም ቪ1.4.2 ይላሉ። ከዚያ ባግ ሪፖርት ይጻፋል። አንዱ «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል፣ ሌላው «እኔ ጋ አይሠራም» ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በአንድ ስም ስለ ሁለት ኮድ እያወሩ መሆኑ እስኪታወቅ ስንት ምሽት ይባክናል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 2025 ላይ ይኸው ክፍተት ሆን ተብሎ ሥራ ላይ ዋለ። ጊትሀብ የጊት ሪፖዎች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ ነው፤ ሥራዎችን በራሱ በሚያስኬደው ጊትሀብ አክሽንስ በተባለ አገልግሎቱ ላይ የሚሠራ «ቼንጅድ ፋይልስ» የሚባል መሣሪያ አለ፤ የሚያወጣው «ቲጄ አክሽንስ» የሚባል ፕሮጀክት ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ በአንድ ለውጥ ውስጥ የትኞቹ ፋይሎች እንደተነኩ ይናገራል። ከ23,000 በላይ ሪፖዎች ይጠቀሙበት ነበር። የመጻፍ ፈቃድ ያለው ቁልፍ አጥቂዎች እጅ ገባ። አዲስ ቨርዥን አላወጡም። ያደረጉት አንድ መጥፎ ኮሚት አዘጋጅቶ የነበሩትን የቨርዥን ታጎች እያነሱ እሱ ላይ መለጠፍ ነው። ከብዙ ጊዜ በፊት የወጣ፣ ሰው አይቶ ያመነው ቨርዥን ሳይቀር ወደ መጥፎው ኮሚት ዞረ። ኮሚቱ ላይ ደግሞ የሠሪው ስም የአንድ የታወቀ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ተደርጎ ተጽፎ ነበር።

መሣሪያውን የሚጠቀሙ ሪፖዎች ቢልድ (ከኮዱ ፕሮግራሙን የመሥራት ሂደት) በተነሳ ቁጥር ታጉን በስሙ ይጠሩታል። ጊትሀብም በዚያች ደቂቃ ስሙ የሚያመለክተውን ያመጣላቸዋል። የመጣው ኮድ የማሽኑን ሜሞሪ በርብሮ ያገኘውን ቁልፍና የይለፍ ቃል ቢልድ ሎጉ (የሂደቱ መዝገብ) ላይ ይጽፍ ነበር። ሪፖው ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ሎጉም ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ያነበዋል። በታጉ ፈንታ የቆየውን ሙሉ ሃሽ ጽፈው ያሰሩትን ግን የታጉ መዛወር አልነካቸውም።

ጥፋቱን አጥቂው ላይ ብቻ ማላከክ አልችልም። አክሽንስ በሚጠቀመው ሰፈር ታግ ማዛወር የተለመደና የሚመከር አሠራር ሆኖ ኖሯል። ቪ4 የሚል ታግ ይወጣል፤ 4.1 ሲወጣ ቪ4 ወደዚያ ይዛወራል፣ 4.2 ሲወጣ እንደገና። ተጠቃሚው ቪ4 ብሎ ጽፎ ይረሳዋል፣ ጥገናው ራሱ ይመጣለታል። ምቹ ነው፤ አልዋሽም፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ግን ይሄ የብራንች ሥራ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ስንፈልግ ብራንች ነበረልን። ታግ ሲንቀሳቀስ ማየት ከለመድን በኋላ፣ አንድ ቀን በሌላ ሰው እጅ ሲንቀሳቀስ ማን ይደነግጣል?

ሃሽ ጽፎ ማሰርም ያለ ዋጋ አይመጣም። 40 ቁምፊ ያየ ሰው የትኛው ቨርዥን እንደሆነ አያውቅም፤ ስለዚህ አጠገቡ በማስታወሻ ይጻፋል፣ ማስታወሻው ደግሞ ሊዋሽ ይችላል። የደህንነት ጥገና ሲወጣም ራሱ አይመጣም። ዲፔንዳቦትን የመሰሉ ቦቶች ሃሹንም ማስታወሻውንም ያድሳሉ፤ ግን ቦቱ ያቀረበውን አይቶ የሚያጸድቅ ሰው ያስፈልጋል። ሰውየው ሳያይ የሚያጸድቅ ከሆነ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነን።

ታጉ ሳይነካስ ነገሩ ሌላ ቦታ ቢበላሽ? የኤክስዜድ ጉዳይ እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ዴቨሎፐር፣ ወደ ሩቅ ማሽን መግቢያው ኤስኤስኤች ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ቆፍሮ ቆፍሮ ያገኘውን ይፋ አደረገ። ኤክስዜድ የተባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የኋላ በር (ስውር መግቢያ) ተቀብሯል። የመርዙ ዋና አካል የሙከራ ፋይል መስሎ ሪፖው ውስጥ ተቀምጧል። ቢልድ ሲደረግ እሱን የሚቀሰቅሰው ስክሪፕት ግን ሪፖው ውስጥ የለም። ያለው ለሪሊዝ በተዘጋጀው ታርቦል (የተጨመቀ የፋይሎች ጥቅል) ውስጥ ብቻ ነው። ታጉን አውርዶ ኮዱን መስመር በመስመር ያነበበ ሰው ያቺን ቀስቃሽ አያገኛትም። ዲስትሮዎቹ ደግሞ ያሸጉት ታርቦሉን ነው።

ታርቦልና ታግ መለያየታቸው ያኔ የተጀመረ ነገር አይደለም። የቆዩ ፕሮጀክቶች በማሽን የሚፈጠሩ የቢልድ ስክሪፕቶችን ታርቦሉ ውስጥ ጨምረው ያወጣሉ፤ ሪፖው ውስጥ ግን አያስቀምጧቸውም። በሺህ የሚቆጠር መስመር ነው፣ ማንም አያነበውም። መደበቂያ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቁጥቋጦ የት ይገኛል?

ታዲያ ታርቦል ይቅር፣ ሁሉም ከታጉ በቀጥታ ይውሰድ የሚሉ በዙ። እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ግን እሱም ጣጣ አለው። ጊትሀብ ለእያንዳንዱ ታግ ታርቦል ራሱ ሠርቶ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2023 ሰርቨሮቹ ላይ ያለውን ጊት አሻሻለ፤ አዲሱ ጊት የሚጨምቅበት መንገድ ከቀድሞው ይለይ ነበር። ታርቦሉ ውስጥ ካሉት ፋይሎች አንድም አልተቀየረም፤ የታርቦሉ ሃሽ ግን ተቀየረ። ያንን ሃሽ ጽፈው ያስቀመጡ ቢልዶች በየቦታው መውደቅ ጀመሩ፣ ጊትሀብም በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀድሞው መለሰው። ያጠቃ የለም፣ ታግ ያዛወረ የለም። ለእኔ የጻፈልኝ ሰውዬ ያን ቀን ስንት ኢሜይል ጽፎ ይሆን?

ከሁሉ የሚያረካኝ መልስ የጎ ቋንቋ ሰዎች ያመጡት ነው። ጎ ላይ አንድን ላይብረሪ ለማውጣት ፓኬጅ የሚጫንበት ሌላ ቦታ የለም፤ ቨርዥኑ የሚነበበው በቀጥታ ከታጉ ነው። በዚህ ላይ ታግ ቢዛወር ጉዳቱ የከፋ ይሆን ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 1.13 ጀምሮ አንድ የጋራ መዝገብ ሥራ ላይ አዋሉ። አንድ ክፍት ሞጁል (የጎ ላይብረሪ) መጀመሪያ ሲጠየቅ የዚያ ቨርዥን ሃሽ ይመዘገባል። መዝገቡ ላይ መጨመር እንጂ መሰረዝ አይቻልም። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ታጉን ቢያዛውር፣ አብዛኛው ሰው በመካከል የተቀመጠውን የመጀመሪያውን ኮፒ ነው የሚያገኘው። በቀጥታ ከሪፖው የሚያወርድ ደግሞ የደህንነት ስህተት የሚል መልእክት ያይና ቢልዱ ይቆማል። መብቴን ወሰዱብኝ ብሎ የሚያማርር አይጠፋም። ያማርር። ሰውን ሁሉ እባካችሁ ታግ አታዛውሩ እያሉ ከመለመን፣ ቢያዛውሩም ምንም እንዳይመጣ ማድረግ ይሻላል። የተበላሸ ቨርዥን ያወጣ ሰው ከ1.16 ወዲህ በአዲሱ ቨርዥን ውስጥ «ያኛውን አትጠቀሙ» ብሎ ማወጅ ይችላል። ያኛው ግን ባለበት ይኖራል።

ጊትሀብም እ.ኤ.አ. በ2025 የማይለወጥ ሪሊዝ የሚባል አማራጭ አምጥቷል። ከበራ፣ ሪሊዙ ከወጣ በኋላ ታጉን ማዛወርም ፋይሎቹን መተካትም አይቻልም። ቅር የሚለኝ አማራጭ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ሄዶ ካላበራው አይበራም።

ፊርማስ? እ.ኤ.አ. በ2011 የሊኑክስ ከርነል የሚቀመጥበት ከርነል ዶት ኦርግ ተሰብሮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ2012 መጀመሪያ የወጣው ጊት 1.7.9 የተፈረመ ታግን አረጋግጦ የማዋሃድ ችሎታ ይዞ መጣ። ለረጅም ጊዜ ሰው ከመፈረም የሚሸሸው ጂፒጂ በተባለው የፊርማ ፕሮግራም ጣጣ ነበር፤ ከ2021ዱ ጊት 2.34 ወዲህ ግን እጃችን ላይ ባለው የኤስኤስኤች ቁልፍ መፈረም ይቻላል። ስለዚህ ለፈራሚው ሰበብ አልቀረም። የሚጎድለው አረጋጋጩ ነው። ከምትጠቀሙባቸው ላይብረሪዎች የስንቱን ፊርማ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በጣት የሚቆጠር። ደግሞም ፊርማ የሚነግረን ማን እንዳወጣው ነው፣ ሰውየው ምን እንዳሰበ አይነግረንም። የኤክስዜዱ ታርቦል ፊርማ ነበረው፤ የፈረመው ራሱ የኋላ በሩን የከተተው ሰው ነው።

ስለ ቁጥሮቹ ብዙ አልልም፤ ሰው ከሚገባው በላይ ይከራከርባቸዋል። ቶም ፕሬስተን ወርነር የጻፈው ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ የተባለው የቨርዥን አሰጣጥ ደንብ ሦስት ቁጥር ይጠቀማል። ኡቡንቱ የተባለው ዲስትሮ ዓመትና ወር ይጽፋል፤ 24.04 ማለት የ2024 ኤፕሪል ነው። ዶናልድ ክኑት ደግሞ ቴክ የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራሙን በየጥገናው አንድ አሃዝ እየጨመረ ወደ ፓይ ያስጠጋዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 3.141592653 ላይ ደርሷል። የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ግን አትቀያይሩ። ጊት ታጎችን ካልተነገረው በፊደል ተራ ስለሚዘረዝር ቪ1.10 ከቪ1.9 በፊት እንደሚመጣም እወቁ፤ የመጨረሻውን መስመር አዲሱ ነው ብሎ የሚወስድ ስክሪፕት ዘጠኝ ላይ ቆሞ ይቀራል። ከሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ደንቦች የሚረሳው ሦስተኛው ነው፦ አንድ ቨርዥን ከወጣ ይዘቱ አይነካም፣ ማንኛውም ለውጥ አዲስ ቨርዥን ሆኖ ይውጣ።

ጭራሽ ታግ የማያደርጉም አሉ። ፓኬጅ መጫኛው ላይ 2.1.0 አለ፣ ሪፖው ላይ የመጨረሻው ታግ 1.8 ነው። ብዙ ጊዜ ተንኮል የለበትም። «ጊት ፑሽ» ታጎችን አብሮ አይልክም፣ ለብቻው መላክ አለበት፤ ታጉ ባለቤቱ ላፕቶፕ ላይ ቀርቷል። ግን 2.0 ላይ ሲሠራ የነበረ ነገር 2.1 ላይ ተበላሽቶ ስትፈልጉ ልዩነቱ ይገባችኋል። ታጎቹ ካሉ «ጊት ባይሴክት» በመካከላቸው ያሉትን 1,000 ኮሚቶች በ10 ሙከራ ገደማ ወደ አንድ ያጠብላችኋል። ከሌሉ በቀን እየገመታችሁ መዳከር ነው።

አሁን እኔ መጀመሪያ ያቺን ፋይል ነው የማየው። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ፈርሜ ታግ አደርጋለሁ፣ ያንን አንድ ታግ ብቻ እልካለሁ፣ ፓኬጁን ከታጉ ተነስቶ የሚሠራው ሰርቨሩ ነው፤ ከላፕቶፔ የሚወጣ ነገር የለም። በ«ቪ» የሚጀምሩ ታጎች እንዳይዛወሩ ሪፖው ላይ ደንብ አስቀምጫለሁ፤ ደንቡ ከማንም በፊት የሚከለክለው እኔን ነው። ስህተት ካገኘሁ ቀጣዩ ቁጥር ነው። ሊኑክስ 2.6.8 እ.ኤ.አ. ኦገስት 2004 ሲወጣ ኤንኤፍኤስ (ፋይል በኔትወርክ መጋሪያው) ላይ ከባድ ባግ ተገኘበት። 2.6.8ን አርመው በዚያው ስም አላወጡትም። ያኔ ባልተለመደ ሁኔታ አራተኛ አሃዝ ጨምረው 2.6.8.1 አሉት።

የእኔዋ ላይብረሪ 1.4.3 ከ1.4.2 የምትለየው በአንድ መስመር ነው። የለውጥ ማስታወሻው ላይ «1.4.2 ሁለት ጊዜ ወጥቷል፣ አትጠቀሙበት» ብዬ ጻፍኩ። ያ ሰውዬም 1.4.3ን አሸገ። በእነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ውስጥ ያወረደ ሌላ ሰው ካለ ግን፣ ማሽኑ ላይ ያለው ቪ1.4.2 እስከ ዛሬ የመጀመሪያው ነው።